ጠዋት የሚበራ፣ ማታ የሚጨልም ነገ

«ጋሼ፣ እንደምን ከርመዋል? ዕድሜዬ 31 ነው። በሒሳብ ሠራተኛነት አንድ መሥሪያ ቤት ስምንት ዓመት ሠርቻለሁ። በቅርቡ ሌላ ከተማ የተሻለ ደመወዝ ያለው ሥራ ተገኘልኝ። መልስ እንድሰጥ ሦስት ሳምንት ሰጥተውኛል። ችግሬ እንዲህ ነው። ጠዋት ስነሳ አዲሱ ኑሮዬ ቁልጭ ብሎ ይታየኛል። ብርሃን የሚገባበት ቤት፣ አዳዲስ ጓደኞች፣ በማታ ተምሬ በሁለት ዓመት ሁለተኛ ዲግሪዬን ስይዝ። ማታ ጋደም ስል ግን ሁሉም ይገለበጣል። ብቻዬን ታምሜ፣ ከሥራ ተባርሬ፣ አንገቴን ደፍቼ ስመለስ ነው የሚታየኝ። ታላቅ እህቴ «ከሄድሽ ዕድሜ ልክሽን ትጸጸቻለሽ» ትላለች። ጓደኛዬ ደግሞ «ካልሄድሽ ነው የምትጸጸቺው» ትለኛለች። የአምስት ዓመት ዕቅድ የምጽፍበት ደብተር አለኝ። በየዓመቱ አዲስ እጽፋለሁ፤ ያለፈውን ገጽ ለማንበብ ግን አፍራለሁ። የጠዋቷን እኔን ልስማ ወይስ የማታዋን?
ሁለት ልብ ነኝ»

እህቴ «ሁለት ልብ»፣

መልሱን ላስቀድም። ሁለቷንም አትስሚ። የጠዋቷም የማታዋም ያልደረሱበትን አገር አይተን መጣን የሚሉ ምስክሮች ናቸው። ሌላ የተሻለ ምስክር አለ፤ ወደ እሱ እመጣለሁ። መጀመሪያ ግን እነዚህ ሁለቱ ወሬያቸውን ከየት እንደሚያመጡት እንይ።

ነገን የምንሠራው በትናንት ቁርጥራጭ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 (ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) የእንግሊዝ ተመራማሪዎች ሂፖካምፐስ የሚባለው የአንጎል ክፍል የተጎዳባቸውን አምስት ሰዎች አነጋገሩ። ይህ ክፍል ለትዝታ ዋናው ነው። የሰዎቹ ትዝታ ክፉኛ እንደተጎዳ ቀድሞም ይታወቅ ነበር። አሁን ግን ስላለፈው ሳይሆን ስለሌለ ነገር ተጠየቁ። ነጭ አሸዋ ያለበት ባሕር ዳር ተጋድማችኋል እንበል፤ ምን ይታያችኋል? አንደኛው ከሰማዩ በቀር ይህ ነው የሚባል ነገር አልታየውም። ትዝታው የተጎዳበት ሰው አዲስ ነገር አስቦ መሳልም አቃተው።

እንግዲህ ስለ አዲሱ ከተማ የሚታይሽ ነገር እዚያ የተነሳ ፎቶ አይደለም። እዚህ ባለሽ ጨርቅ የተሰፋ ልብስ ነው። ታዲያ የትኛው ጨርቅ ነው ቶሎ እጅ የሚገባው? ብዙ ጊዜ የገጠመን ይመስለናል። አይደለም፤ ጎልቶ የቀረው ነው። በ2005 የወጣ አንድ ጥናት ላይ ባቡር የሚጠብቁ ሰዎች ባቡር ያመለጣቸውን አንድ ቀን እንዲያስታውሱ ተጠየቁ። የፈለጉትን ቀን ማንሳት ይችሉ ነበር። ያነሱት ግን «ከሁሉ የከፋውን ንገሩን» የተባሉት ሰዎች ካነሱት የማይተናነስ ክፉ ቀን ነው። ዛሬ ቢያመልጠኝ ምን ይሰማኛል የሚለውንም በዚያው ቀን ለኩት።

አንቺም ማታ «ብቻዬን ታምሜ» ስትይ አንድ ክፉኛ የታመምሽበት ሌሊት ትዝ እያለሽ ይሆናል። ጉንፋን ይዞሽ በሦስተኛው ቀን ሥራ የገባሽባቸው ጊዜያት ስንት ናቸው? አታስታውሻቸውም። ምንም ስላልተፈጠረ ተረስተዋል።

ሰዓቱም የራሱ ሥራ አለው። ርቦት ገበያ የወጣ ሰው የሳምንቱን ሆድ በዛሬው ረሃብ ለክቶ ይሸምታል። ደክሞሽ የምታስቢው ነገም እንደዚያው ደክሞ ነው የሚመጣው። ከምሽቱ አራት ሰዓት በኋላ ስለ ኑሮሽ ፍርድ አትስጪ። ሐሳቡ አልሄድ ካለሽ አንድ ወረቀት ላይ ጻፊውና ጠዋት አንብቢው።

የጠዋቷን ደግሞ እንያት። እሷ ቤት አላት፣ ጓደኞች አሏት፣ ዲግሪ አላት። ማክሰኞ ግን የላትም። ማክሰኞ ማለቴ ይህ ነው። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት፤ የወር መዝጊያ ደርሷል፤ ሒሳቡ አልገጥም ብሏል። ልዩነቱ ኢምንት ነው፤ ግን ካልተገኘ አትወጪም። ደረሰኝ በደረሰኝ ትገልጫለሽ። አንገትሽ ተወጥሯል። ያ የተመኘሽው ብርሃን በመስኮቱ ገብቶ ኮምፒውተሩ ላይ ስላንጸባረቀብሽ መጋረጃውን ዘግተሽዋል። ይህ ማክሰኞ አሁን ባለሽበት ከተማ አለ። እዚያም ይጠብቅሻል።

የሥነ ልቦና ሰዎች ይህን ስሕተት በደንብ ያውቁታል። በ1998 ዴቪድ ሽኬድ እና ዳንኤል ካህነማን 2,000 ገደማ የአሜሪካ ተማሪዎችን ጠየቁ። ግማሾቹ ፀሐያማ በሆነችው ካሊፎርኒያ ይማራሉ፤ ሌሎቹ ክረምቱ በሚከብደው መካከለኛው ምዕራብ። በኑሯችሁ ምን ያህል ረክታችኋል ሲባሉ ሁለቱም ወገን እኩል ሆኑ። የትኞቹ የበለጠ ይረካሉ ብላችሁ ታስባላችሁ ሲባሉ ግን ሁለቱም ወገን «ካሊፎርኒያ ያሉት» አሉ። ለምን? ጥያቄው ሐሳባቸውን ወደ አየሩ ስለወሰደው። አየር ግን እዚያ ለሚኖር ሰው ከብዙ ነገር አንዱ ነው። ፈተናው፣ ጥርስ ሕመሙ፣ ከጓደኛ ጋር መኮራረፉ አለ። አንቺም ስለ ለውጡ ስታስቢ የሚለወጠው ብቻ ነው የሚታይሽ። አብሮሽ ተጠቅልሎ የሚሄደው አይታይሽም። እውነቱን ለመናገር አብሮሽ የሚሄደው ይበዛል።

ወደ ፍርሃትሽ ልመለስ። «አንገቴን ደፍቼ ስመለስ» ብለሽኛል። ይሁን፤ ተመለስሽ እንበል። ከዚያስ? ሥዕሉ እዚያ ላይ ነው የሚቆመው አይደል? በሩ ላይ፣ ሻንጣ ይዘሽ። የሚቀጥለው ሳምንት አልተሳለም። የሚቀጥለው ዓመትማ ጭራሽ።

የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ዳንኤል ጊልበርት፣ ቲሞቲ ዊልሰን እና ባልደረቦቻቸው የዩኒቨርሲቲ መምህራንን አጥንተው ነበር። ቋሚ ቅጥር ብትከለከሉ ምን ይሰማችኋል ሲባሉ ለዓመታት የሚቆይ ሐዘን ገመቱ። በእርግጥ ተከልክለው የወጡት ሲጠየቁ ግን ከተሳካላቸው ያነሰ ደስተኛ ሆነው አልተገኙም። ልባችን ቁስሉን የሚያክምበት ዘዴ አለው። እኛማ በአንድ ቃል ነው የምንጠራው፤ «ለበጎ ነው» እንላለን። ከወደቅን በኋላ ሁላችንም ይህን ቃል እናገኘዋለን። ከመውደቃችን በፊት ግን እንደምናገኘው እንረሳለን። ፍርሃቱን የሚያረዝመው ይህ መርሳት ነው።

ይህን ስል ምንም ነገር አይጎዳሽም ማለቴ አይደለም። እንደዚያ የሚሰብኩትን አልወድም። ጀርመን ውስጥ ለ15 ዓመት የተደረገ ክትትል ሥራ ያጡ ሰዎች ሌላ ሥራ ካገኙ በኋላም የቀድሞ እርካታቸው ሙሉ በሙሉ እንዳልተመለሰ አሳይቷል። ስለዚህ «ተባርሬ» የምትይው ፍርሃት ባዶ አይደለም። ግን እሱ በሌሊት የሚፈታ ነገር አይደለም። ውሉን አንብቢ። የሙከራው ጊዜ ስንት ወር ነው? በዚያ ጊዜ ውስጥ ቢያሰናብቱሽ ምን ትይዣለሽ? ለስንት ወር የሚበቃ ተቀማጭ አለሽ? ይህ በወረቀትና በእርሳስ የሚያልቅ የሒሳብ ሥራ ነው፤ ከአንቺ በላይ ማን ያውቅበታል።

እህትሽና ጓደኛሽ «ዕድሜ ልክ» ያሉት ነገርም አለ። በጣም ረጅም ነው። በ2013 ዕድሜያቸው ከ18 እስከ 68 የሆኑ ከ19,000 የሚበልጡ ሰዎች የተሳተፉበት ጥናት ወጥቶ ነበር። ባለፉት አሥር ዓመታት ምን ያህል ተለወጣችሁ? በሚቀጥሉት አሥርስ ምን ያህል ትለወጣላችሁ? በየትኛውም ዕድሜ ያሉ ሰዎች ያለፈው ለውጣቸውን ትልቅ፣ የሚመጣውን ትንሽ አደረጉት። «እስከዛሬ ስለወጥ ኖሬ ዛሬ ተጠናቀቅሁ» እንደማለት ነው። የ21 ዓመቷን አንቺን አስቢያት። ማንን ታፈቅር ነበር? ምን ዓይነት ሙዚቃ ትሰማ ነበር? በእሷ ምርጫ ዛሬ ብትኖሪ ደስ ይልሻል? የ41 ዓመቷም አንቺን እንዲሁ ነው የምታይሽ። የምትጸጸተው እሷ ናት፤ እሷን ደግሞ እህትሽም ጓደኛሽም እኔም አናውቃትም።

አሁን ወደ ደብተሩ። ስለ እሱ ብዙ የምለው አለኝ፤ እኔም የዚህ በሽታ ሰለባ ነኝና።

አንድ ጊዜ የመኝታ ክፍሌን ግድግዳ በሁለት ቀን ቀብቼ እጨርሳለሁ ብዬ ቅዳሜ ጠዋት ተነሳሁ። በሐሳቤ ውስጥ እኔ አለሁ፣ ብሩሽ አለ፣ ግድግዳ አለ። የድሮው ቀለም መፋቅ እንዳለበት አልነበረበትም። ቁምሳጥኑ በአንድ ሰው እንደማይገፋ አልነበረበትም። የገዛሁት ቀለም ሦስተኛው ግድግዳ ላይ ሲያልቅ ያው ዓይነት ቀለም እንደማይገኝም አልነበረበትም። አምስት ሳምንት ሳሎን ተኛሁ። ከዚያ ትምህርት ያገኘሁ ይመስልሻል? ማእድ ቤቱን ልቀባ ስነሳ ለባለቤቴ ምን አልኳት መሰለሽ። «ሁለት ቀን።»

ብቻዬን እንዳልሆንኩ ሳውቅ ቀለል አለኝ። በ1994 የወጣ ጥናት ላይ የመመረቂያ ጽሑፋቸውን የሚሠሩ 37 ተማሪዎች መቼ እንደሚጨርሱ ተጠየቁ። በአማካይ 34 ቀን ገደማ አሉ። ሁሉ ነገር ቢበላሽስ? 49 ገደማ። የፈጀባቸው ግን ከ55 ቀን በላይ ነው። «ሁሉ ነገር ቢበላሽ» ብለው የገመቱት እንኳ ከእውነቱ አነሰ። እኔን የሚገርመኝ ይህ ነው። ሰው ክፉውን ልገምት ብሎ ቆርጦ ተነስቶም ክፉው አይመጣለትም።

ከዚህም የሚብስ ታሪክ አለ። ካህነማን ራሱ ነው የተናገረው። ይህ ሰው በኋላ በ2002 በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት ያገኘ ነው። ከባልደረባው ከኤሞስ ትቨርስኪ ጋር ሆኖም ይህን የዕቅድ ስሕተት በ1979 ስም ያወጣለት እሱ ነው። በ1970ዎቹ እስራኤል ውስጥ ከአንድ ቡድን ጋር ስለ ውሳኔ አሰጣጥ የሚያስተምር መማሪያ መጽሐፍ ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ያዘጋጅ ነበር። ልብ በይ፤ ስለ ውሳኔ አሰጣጥ! ዓመት ገደማ እንደሠሩ «የቀረን ጊዜ ስንት ይመስላችኋል?» ተባብለው እያንዳንዳቸው በወረቀት ጻፉ። ሁሉም ሁለት ዓመት አካባቢ ጻፉ። ከመካከላቸው የሥርዓተ ትምህርት ባለሙያ የሆነ ሲይሞር ፎክስ የሚባል ሰው ነበር። ካህነማን ወደ እሱ ዞረና «እንደኛ ያሉ ሌሎች ቡድኖች ስንት ጊዜ ወሰደባቸው?» አለው። ሰውየው ዝም አለ። ከዚያ እያፈረ ተናገረ። ከሚያውቃቸው 40 በመቶ ያህሉ ጭራሽ አልጨረሱም። የጨረሱትም ከሰባት ዓመት በታች አልፈጀባቸውም። እኛስ ከእነሱ እንሻላለን? «ትንሽ እናንሳለን።»

አየሽ፤ ይህ ሰው እውቀቱ ነበረው። ከደቂቃዎች በፊት ግን እሱም «ሁለት ዓመት» ብሎ ጽፏል። የራሱን ሥራ ሲያስብ የሌሎቹ ታሪክ ትዝ አላለውም። ቡድኑም ሰምቶ እንዳልሰማ ሥራውን ቀጠለ። መጽሐፉ ስምንት ዓመት ፈጀ።

ስለዚህ «በማታ ተምሬ በሁለት ዓመት ሁለተኛ ዲግሪ» ያልሽውን ደብተርሽ ላይ አታስፍሪው፤ ጠይቂበት። እየሠሩ በማታ የተማሩ አምስት ሰዎች ፈልጊ። በስንት ዓመት ጨረሱ? ስንቶቹ አቋረጡ? የአምስቱን መልስ ጻፊና የራስሽን ከእነሱ መካከል አስቀምጪው። «እኔ ግን ጎበዝ ነኝ» የሚል ድምፅ ይመጣል። ሁሉም ጋ ይመጣል፤ ያቋረጡትም ጋ መጥቶ ነበር።

ያለፉትን ገጾች ስላላነበብሻቸው ደግሞ ልቆጣሽ ነው። ከደብተሩ ሁሉ ዋጋ ያለው እነሱ ናቸው። አዲሱ ገጽ ምኞት ነው፤ አሮጌው ማስረጃ ነው። አንድ ሒሳብ ሠራተኛ ያለፈውን ዓመት መዝገብ ሳያይ በጀት ቢያወጣ ምን ትዪዋለሽ?

«ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» የሚለውን ሳታውቂው አትቀሪም። ገብርኤሌ ኦቲንገን የምትባል የሥነ ልቦና ተመራማሪ ይህንኑ ለክታዋለች ማለት ይቻላል። በ1991 ክብደት ሊቀንሱ የተመዘገቡ 25 ሴቶችን ተከታተለች። ይሳካልኛል ብለው የጠበቁት ብዙ ቀነሱ። ቀጥነው፣ አምረው፣ ሰው ሲያደንቃቸው በቀን ሕልም ያዩት ግን ትንሽ ቀነሱ። መጠበቅና ማለም አንድ አይደሉም። የሚያልም ሰው ወተቱን በሐሳቡ ስለጠጣው ላሟን ለማለብ አይነሳም። የጠዋቷ አንቺ ይህ ጠባይ ያለባት ይመስለኛል። ተመራቂዋን ታያለች፤ የመግቢያ ፈተናውን ቀን ግን አታውቀውም።

አሁን ወዳልኩሽ ምስክር። እዚያ ያለ ሰው ነው። በቃ። ያን ያህል ቀላል መሆኑ እኔንም ያናድደኛል።

በ2009 ጊልበርትና ባልደረቦቹ አንድ ቀላል ሙከራ ሠሩ። ሴቶች ከአንድ ወንድ ጋር ለአምስት ደቂቃ ሊጫወቱ ነው። ጨዋታው ምን ያህል ደስ እንደሚላቸው አስቀድመው ይገምታሉ። ለግማሾቹ የልጁ ፎቶና ስለ ራሱ የጻፈው ተሰጣቸው። ለሌሎቹ ፎቶ የለም፤ ከእነሱ በፊት አብራው የተጫወተች አንዲት የማያውቋት ሴት ምን ያህል ደስ እንዳላት የሚገልጽ ቁጥር ብቻ ተሰጣቸው። ቁጥሩን ያዩት ይበልጥ ቀረቡ፤ ስሕተታቸው በግማሽ ያህል ቀነሰ። ነገሩ በዚህ አያልቅም። በኋላ «ለመገመት የትኛው ይሻላል?» ሲባሉ አብዛኞቹ ፎቶውን መረጡ። ሰው ከሌላ ሰው ኑሮ ይልቅ የራሱን ግምት ያምናል።

ስለዚህ እዚያ አዲሱ መሥሪያ ቤት ባለፉት ሁለት ዓመታት ከሌላ ከተማ ሄደው የተቀጠሩ ሦስት ሰዎች ፈልጊ። አንዷ ወይም አንዱ ለቅቆ የወጣ ይሁን፤ ይህን አትዝለዪ። «ጥሩ ነው?» ብለሽ አትጠይቂ፤ «ጥሩ ነው» ይሉሻል። ትናንትን ጠይቂ። ትናንት ስንት ሰዓት ወጣሽ? ከማን ጋር ምሳ በላሽ? ማታ ምን ሠራሽ? ባለፈው የታመምሽ ጊዜ ማን መጣ? ከአሥር ስንት ትሰጫለሽ፣ ለትናንት? የሦስቱ መልስ ከተቀራረበ፣ ያ ያንቺም ማክሰኞ ነው ብለሽ ያዢው። «እኔ ግን እንደነሱ አይደለሁም» ማለትሽ አይቀርም። ፎቶውን የመረጡት ሴቶችም ያሉት ይህንኑ ሳይሆን አይቀርም።

ከዚያ ወስኚ። ሂጂም ቅሪም አልልሽም። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ከወሰንሽ በኋላ በሩን ገርበብ አድርገሽ አትተዪው። ጊልበርት እና ጄን ኢበርት በ2002 ያወጡት ጥናት ላይ ተማሪዎች ካነሷቸው ሁለት ፎቶዎች አንዱን ለራሳቸው እንዲያስቀሩ ተደረገ። ለአንዳንዶቹ «ሐሳባችሁን ከቀየራችሁ መለወጥ ትችላላችሁ» ተባለ። ፎቷቸውን ይበልጥ የወደዱት መለወጥ የማይችሉት ናቸው። ሰው በሩ ክፍት እንዲሆንለት ይፈልጋል፤ ልቡ ግን ሥራውን የሚጀምረው በሩ ሲዘጋ ነው። ሄደሽ በየሳምንቱ የድሮውን መሥሪያ ቤት ማስታወቂያ አትዪ። ቀርተሽም የዚያን ከተማ ቤት ኪራይ አታስሺ።

ይህን መልስ ደብዳቤሽ በደረሰኝ በሁለተኛው ቀን እጨርሳለሁ ብዬ ነበር። አሥራ አንድ ቀን ፈጀብኝ። ከሦስቱ ሳምንት የቀረሽ አሥር ቀን ነው፤ ሦስት ሰው ለማግኘት ደግሞ ከምታስቢው በላይ ጊዜ ይወስዳል። ዛሬ ደውዪ።